ዴሞክራሲ ሹም ማውጣት ነው ወይስ ሹም ማውረድ?

የጨርቆስ ልጅ (ክሩን የከፈተው)

ባለፈው እሑድ በሠፈራችን ዕድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነሣ አንድ ክርክር ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ እዚህ ላመጣው ወሰንኩ። የዕድራችን ዳኛ ለ14 ዓመታት በኃላፊነት የቆዩ፣ በገንዘብ የማይታሙ፣ ለቅሶ ሲመጣ በውድቅት ሌሊትም ቢሆን ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱ ሰው ናቸው። አንድ ወጣት አባል ተነሥቶ፣ መተዳደሪያ ደንባችን በየሁለት ዓመቱ ምርጫ እንዲደረግ እንደሚያዝዝ፣ ሆኖም እርሱ አባል ከሆነ ጀምሮ ሁለት ዕጩ ቀርቦ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ከአዛውንቶቹ አንዱ «ሁላችንም እጃችንን አውጥተን ይቀጥሉ እያልን ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን ዓይነት ዴሞክራሲ ትፈልጋለህ?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁም በትሕትና «አባባ፣ እርስዎ እጅዎን የሚያወጡት እኮ እሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው እያዩዎት ነው» አላቸው። አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ አንድ አገር ዴሞክራሲያዊ የሚባለው ሕዝቡ በሥልጣን ላይ ያለውን ሰው በታወቀ ቀን፣ ያለ ደም፣ በድምፁ ብቻ ማውረድ ሲችል ነው። በስም ቢሆንማ የደርግ ዘመኗም «ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ትባል ነበር። ይሁን እንጂ የራሴን መለኪያ ስፈትነው አንድ ነገር ያስቸግረኛል። ቦትስዋና ነጻ ከወጣችበት ከእ.ኤ.አ. 1966 ጀምሮ በአንድ ፓርቲ ስትመራ ኖራ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ገዥው ፓርቲ ተሸነፈ፤ ፕሬዚዳንት ማሲሲም የመጨረሻው ውጤት ሳይነገር ሽንፈታቸውን ተቀብለው ሥልጣኑን ለዱማ ቦኮ አስረከቡ። እንግዲህ ቦትስዋና በእነዚያ 58 ዓመታት ሁሉ ዴሞክራሲያዊ ነበረች ማለት ነው? ወይስ ዴሞክራሲያዊ መሆኗ የታወቀው ገዥው ፓርቲ በተሸነፈበት ቀን ነው? ማውረድ መቻልን ሳያወርዱ ማወቅ ይቻላል ወይ? እናንተስ በምን ትለኩታላችሁ?

የድሮ መምህር

ልጄ፣ የዕድራችሁ ወጣት ሁለት ዕጩ አለመቅረቡን እንደ ዋና ጉድለት አንሥቷል፤ ነገር ግን የዕጩ መብዛት ብቻውን ምንም እንዳልሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። በሰኔ 1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲደረግ በጎጃም አንዲት የወረዳ ከተማ መምህር ነበርኩ። 835 የሸንጎ አባላት ይመረጡ ነበር፤ በምርጫ ክልላችንም ከአንድ በላይ ዕጩ ቀርቦልናል፤ ሰው በማለዳ ወጥቶ በሥርዓት ተሰልፎ ድምፁን ሰጥቷል። ዝርዝሩ ግን እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በዘመኑ ብቸኛ ፓርቲ በኢሠፓ እጅ ያለፈ ነበር። እኛ ከመምረጣችን በፊት የመረጠልን ሌላ ሰው ነበር።

ወደ ኋላ ልሂድና ሌላም ላስታውሳችሁ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለኢትዮጵያ ሴቶች ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት ሰጥቷል። ዛሬ የዴሞክራሲ አብነት ተደርጋ የምትጠቀሰው ስዊዘርላንድ ለሴቶቿ በፌዴራል ደረጃ ይህንኑ መብት የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አፐንዜል ኢነርሮደን በሚባለው ካንቶን ሕዝቡ እስከ ዛሬ በዓመት አንድ ጊዜ አደባባይ ወጥቶ እጁን እያነሣ ሕግ ያጸድቃል፤ ወንዶቹ በወገባቸው የሚታጠቁት ሰይፍ እንደ መራጭነት መታወቂያ ይቆጠርላቸዋል። በዚያ አደባባይ ሴቶች እንዲቆሙ የተፈቀደው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ካስገደደ በኋላ ነው። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠችው የደብረ ማርቆስ እናትና በዚያው ዓመት ቤቷ የቀረችው የአፐንዜል እናት ቢነጻጸሩ፣ በዴሞክራሲ ውስጥ የኖረችው የትኛዋ ናት? የእኛይቱ ድምፅ ሰጥታለች፤ ነገር ግን ፓርቲ ማቋቋም አይፈቀድም፣ የሕግ መወሰኛውን አባላት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም የእሳቸው ተሿሚ ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው ምርጫ ኖሮም አልተለወጠም። የስዊዘርላንዷ ደግሞ ሹማምንቱን ማውረድ የሚችል አገር ውስጥ ኖራ፣ እርሷ ራሷ ከአውራጆቹ አልተቆጠረችም። ስለዚህ መለኪያህ ትክክል ይመስለኛል፤ ግን ግማሽ ነው። «ሕዝቡ ማውረድ ሲችል» ስትል፣ ሕዝብ የምትለው ማንን ነው?

ቴምዝ ዳር

ቆጠራውም ይታሰብበት። እኔ በምኖርበት በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረገው ምርጫ ሌበር ፓርቲ ከመላው ድምፅ 33.7 በመቶ አግኝቶ ከ650 መቀመጫዎች 411ዱን ወሰደ። ሪፎርም የተባለው ፓርቲ 14.3 በመቶ አግኝቶ 5 መቀመጫ ብቻ ሲደርሰው፣ ከእርሱ ያነሰ 12.2 በመቶ ድምፅ ያገኙት ሊበራል ዴሞክራቶች ግን 72 አገኙ። በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ አንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉን ስለሚወስድ የሆነ ነው። በዚያ ምርጫ የ14 ዓመቱ የወግ አጥባቂዎች መንግሥት በአንድ ሌሊት ወርዷልና በጨርቆስ ልጅ መለኪያ ፈተናውን በሚገባ አልፈናል። ነገር ግን ከሦስት መራጮች ሁለቱ ያልመረጡት ፓርቲ ምክር ቤቱን ብቻውን ሲያዝዝ፣ «የሕዝብ ፈቃድ» የሚለውን ቃል አፌን ሞልቼ ለመናገር ይከብደኛል።

አንቀጽ በአንቀጽ

በቴምዝ ዳር የተጠቀሰው የአቆጣጠር ሥርዓት የእኛም ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎች መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው እንዲመረጥ ይደነግጋል። በ2002 ዓ.ም. ገዥው ግንባር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አንድ እንኳ ሳይቀር ሁሉንም ያዙ። በዚያ ውጤት የአቆጣጠሩ ሥርዓት ብቻውን ተጠያቂ ነው አልልም፤ ተቃዋሚው የሚንቀሳቀስበት ምኅዳር፣ የመገናኛ ብዙኃኑ ይዞታና የ1997ቱ ምርጫ ማግሥት ያስከተለው ፍርሃት አብረው መታየት አለባቸው። ሆኖም አብላጫው ሁሉን የሚወስድበት ሥርዓት፣ የተሸናፊውን ድምፅ ብዛቱ ምንም ያህል ቢሆን ከምክር ቤቱ ደጅ ያስቀረዋል።

የጨርቆስ ልጅ ያቀረቡት መለኪያ ግን በሕጋችን ውስጥ ከተጻፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንቀጽ 12 ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ የምርጫውን ዘመን ሳይጠብቅ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል፤ አንቀጽ 54ም ይህንኑ ይደግመዋል። ማውረድ በሕግ አለ፤ የጎደለው ማውረጃው መሣሪያ ነው። በቂ ፊርማ ማሰባሰብ፣ ያለ ፍርሃት መሰብሰብ፣ ማን አስተባበረው ተብሎ አለመጠየቅ የማይቻል ከሆነ፣ አንቀጹ ቢኖርም ዜጋው ሊጠቀምበት አይችልም።

የመምህሩን ጥያቄ በተመለከተ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 8 የሉዓላዊነት ባለቤቶች የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ይላል። ስለዚህ በእኛ ሕግ ሁለት ዓይነት መለኪያ ጎን ለጎን ተቀምጧል። በተወካዮች ምክር ቤት አንድ ሰው አንድ ድምፅ አለው፤ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወኪል ይኖረዋል፣ ከዚያም በላይ በአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ ይሰጠዋል። ሕገ መንግሥቱንም የሚተረጉመው ይኸው ምክር ቤት ነው። አንዳንዶች ይህን ከእውነተኛ ዴሞክራሲ የወጣ አድርገው ያዩታል፤ ሌሎች ደግሞ ያለዚህ ትንንሾቹ ሕዝቦች በቁጥር ብቻ ተውጠው ይቀራሉ ይላሉ። እኔ ሁለተኛውን አሳብ እረዳዋለሁ፤ ነገር ግን በብሔረሰቡ ስም የሚቀመጠውን ወኪል ማን እንደላከው፣ ያ ብሔረሰብስ ሊያወርደው ይችል እንደሆነ ካልተጠየቀ፣ ሕዝብ የሚለው ቃል ለላኪዎቹ መሸፈኛ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

የዋሽንግተን ነዋሪ

እኔ ከ20 ዓመት በላይ የኖርኩት በዋሽንግተን ዲሲ ነው። በመኪናዬ ታርጋ ላይ ያለው ጽሑፍ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ያለ ውክልና ግብር» እንደማለት ነው፤ ከተማዋ ይህንን አቤቱታ በታርጋ ላይ ማተም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ዜጋ ነኝ፣ ለፌዴራል መንግሥቱ እንደማንኛውም ሰው ግብር እከፍላለሁ፤ ነገር ግን በኮንግረሱ ውስጥ በሕግ ላይ ድምፅ የሚሰጥልኝ ሴናተርም ሆነ ተወካይ የለኝም። የምንልካት ተወካይ ትናገራለች፣ ኮሚቴ ላይ ትሠራለች፤ ምክር ቤቱ ሕግ ሲያጸድቅ ግን ድምፅ የላትም። ፕሬዚዳንት የመምረጥ መብት እንኳ ለከተማዋ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1961 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ዲሲ ወደ 690 ሺህ፣ የዋዮሚንግ ግዛት ደግሞ ወደ 577 ሺህ ሰው ነበራቸው። ዋዮሚንግ ሁለት ሴናተር አላት፤ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ካሊፎርኒያም ሁለት አላት፤ እኛ ምንም የለንም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከተሸናፊዋ ዕጩ ወደ 2.9 ሚሊዮን ያነሰ ድምፅ ያገኙት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ይህን የምጽፈው አገሩን ለማንቋሸሽ አይደለም፤ እኔ በፖለቲካ ምክንያት አገሬን ጥዬ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ እዚህ በጻፍኩት ጽሑፍ ማንም በሌሊት በሬን አንኳኩቶ አያውቅም፤ ይህም ለእኔ ከምርጫ ካርድ የማያንስ የዴሞክራሲ አካል ነው። ማለት የፈለግሁት፣ አንቀጽ በአንቀጽ የጠቀሱት የግለሰብና የቡድን ውክልና ፍጥጫ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አለመሆኑን ነው።

ነታንያ

በእስራኤል ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። መላው አገር አንድ የምርጫ ክልል ነው፤ 120ው የክነሴት (የአገሩ ምክር ቤት) መቀመጫ በድምፅ ድርሻ ይከፋፈላል፤ ቢያንስ 3.25 በመቶ ያላገኘ ዝርዝር አይገባም። ከመጋረጃው ኋላ ስትገቡ የየፓርቲው ፊደል የታተመባቸው ትንንሽ ወረቀቶች በሣጥን ተደርድረው ታገኛላችሁ፤ አንዱን መርጣችሁ ፖስታ ውስጥ ትከቱታላችሁ። የቴምዝ ዳር ቅሬታ እዚህ ቦታ የለውም፤ ድምፅ አይባክንም ለማለት ይቀርባል። በአንጻሩ አንድም ፓርቲ ብቻውን 61 መቀመጫ አግኝቶ ስለማያውቅ መንግሥት የሚቋቋመው በድርድር ነው፤ ከሚያዝያ 2019 እስከ ኅዳር 2022 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ አምስት ጊዜ ለምርጫ ወጥተናል። መንግሥት ማውረድ እዚህ ቀላል ነው፤ ከባዱ ማቆም ነው።

ማኅበረሰባችን ከአገሩ ሕዝብ ወደ ሁለት በመቶ ቢጠጋ ነው። አዲሱ መሰለ እ.ኤ.አ. በ1996 ከኢትዮጵያ ከመጣው ማኅበረሰብ የመጀመሪያው የክነሴት አባል ሲሆኑ የሽማግሌዎቻችን ደስታ ልዩ ነበር። ነገር ግን የእኛ ልጆች የሚገቡት በትልልቆቹ ፓርቲዎች ዝርዝር ላይ ተቀምጠው ነው፤ በስንተኛው ተራ እንደሚቀመጡ የሚወስነውም ፓርቲው እንጂ እኔ አይደለሁም። በወረቀቱ የምመርጠው ፓርቲውን ነው እንጂ ተወካዩን አይደለም። በመንገድ ላይ አግኝቼ «አንተ የእኔ ተወካይ ነህ፣ በሠፈሬ ትምህርት ቤት ምን ሠራህ?» የምለው አንድ ሰው የለኝም። ስለዚህ መንግሥትን ማውረድና የራስን ተወካይ መጠየቅ መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ።

ዕጣ

ሁላችሁም ምርጫን እንደ መነሻ ይዛችሁታል። የጥንቶቹ አቴናውያን ግን ብዙውን ሹመት የሚሰጡት በምርጫ ሳይሆን በዕጣ ነበር፤ የ500ው ሸንጎ አባላት በየዓመቱ በዕጣ ይወጡ ነበር። ምክንያታቸውም ምርጫ ሀብታሙን፣ አንደበተ ርቱዑንና የታወቀ ዘር ያለውን ይጠቅማል፣ ዕጣ ግን ለማንም አያዳላም የሚል ነው። (ሴቶችን፣ ባሪያዎችንና መጻተኞችን አግልለው መሆኑ አይዘነጋም።) እኛ ለዚህ አሳብ እንግዳ አይደለንም። ዕቁብ ስንጥል ብሩን ማን ቀድሞ ይውሰድ በሚል ምርጫ አድርገን አናውቅም፤ ስም በቁራጭ ወረቀት ይጻፋል፣ ይጠቀለላል፣ ሕፃን ልጅ ተጠርቶ ያወጣል። ዕጣው የደረሰው ማንንም ሳያመሰግን ይወስዳል፤ ያልደረሰውም አይቀየምም።

በዘመናችን አየርላንድ ይህንን ሞክራዋለች። 99 ዜጎች የአገሩን ሕዝብ እንዲመስሉ ተደርገው በዕጣ ተመርጠው፣ ከአንዲት ሰብሳቢ ጋር ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ እየተሰበሰቡ፣ ፖለቲከኞቹ ለዓመታት የሸሹትን የጽንስ ማቋረጥ ሕግ ጉዳይ ከባለሙያም ከባለ ጉዳይም ሰምተው ተወያዩበት። ከዚያም በግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ በ66.4 በመቶ አለፈ። በውሳኔው የሚስማማም የማይስማማም ይኖራል፤ እኔ የማደንቀው ግን የተቀመጡበትን መንገድ ነው። ዳግመኛ መመረጥ የማያስፈልገው ሰው ጎረቤቱን በቅንነት ያዳምጣል።

የጨርቆስ ልጅ

ዕጣ፣ በዕጣ የወጣ ሰው ቢያጠፋ ማን ያወርደዋል? ዕቁብ ውስጥ እንኳ ብሩን ወስዶ መጣሉን ለሚያቆም ሰው ዋስ እንጠራለን።

ዕጣ

አቴናውያን ሹሙ ዘመኑን ሲጨርስ ሂሳቡን በአደባባይ ያስመረምሩት ነበር፤ ያጠፋ ይከሰሳል። ዋስ ማለትዎ ተገቢ ነው፤ ያለ ተጠያቂነት ዕጣም ሎተሪ ሆኖ ይቀራል።

የሴቶች ዕድር ጸሐፊ

እስካሁን በጸጥታ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ መምህሩ ሕዝብ ማን ነው ብለው የጠየቁት ጥያቄ ግን በሚገባው ልክ አልተመለሰም። የጨርቆስ ልጅ፣ በዚያ እሑድ አዳራሹ ውስጥ ስንት ሴት ነበረች? በብዙ የሠፈር ዕድር መዝገብ ላይ የሚጻፈው የባልየው ስም ነው፤ ወርኃዊ መዋጮውን ብዙ ጊዜ የምትከፍለው ሚስት ናት፣ ሽሮውን የምትሠራው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ሳህኑን ቆጥራ የምትመልሰው እርሷ ናት፣ እጅ የሚያወጣው ግን እርሱ ነው። እኛ የራሳችንን ዕድር ያቋቋምነው በዚህ ምክንያት ነው። ዳኛውን ማውረድ ስለመቻል ከመከራከራችሁ በፊት መዝገቡን ገልጣችሁ የማን ስም እንዳለ ብታዩ እወዳለሁ። መዝገቡ ላይ የሌለች ሰው በእጅ ቢሆን በሳጥን፣ በዕጣም ቢሆን ልዩነት አያመጣላትም።

የጨርቆስ ልጅ

እህቴ፣ ጥያቄዎ አሳፍሮኛል፤ ለዚያ ነው መልሴ የዘገየው። ትናንት ማታ ጸሐፊያችን ዘንድ ሄጄ መዝገቡን አየሁት። 118 አባል አለን፤ በራሳቸው ስም የተጻፉ ሴቶች 19 ናቸው፣ እነርሱም ሊጠቀሱ የቻሉት ባሎቻቸው በመሞታቸው ነው። የእናቴ ስም የገባው አባቴ ካረፈ በኋላ መሆኑን ያስታወስኩት በዚያች ቅጽበት፣ አባቴ ስም ላይ የተሠመረውን ቀይ መሥመርና ከበላዩ በሌላ ብዕር የተጻፈውን የእናቴን ስም ሳይ ነው። እስከዚያ ቀን ለ22 ዓመት ለዕድሩ እንጀራ ስትጋግር ኖራለች።

ስለዚህ መለኪያዬን አልጥለውም፤ ግን አስቀድሞ የሚመጣ ነገር እንዳለ ተቀብያለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት አሳብ አቀርባለሁ፦ አንደኛው ሚስቶች በራሳቸው ስም እንዲመዘገቡና የየራሳቸው ድምፅ እንዲኖራቸው፣ ሁለተኛው ምርጫው በወረቀትና በሳጥን እንዲሆን። ነገሩን ለዳኛችን አስቀድሜ ብነግራቸው ይሻላል ብዬ ዛሬ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና አስፈሉልኝ፤ አልተቆጡም። ሲያበቁ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሳጥኑን የሚያስቀምጠው ማነው? የሚቆጥረውስ?» መልስ አልነበረኝም።

የድሮ መምህር

በ1997 ዓ.ም. በአንድ ምርጫ ጣቢያ የሕዝብ ታዛቢ ሆኜ ስለነበር ይህንን መመለስ እችላለሁ። ከሌሊቱ ጀምሮ ሰው ብርድ ልብስ ደርቦ ተሰልፎ ነበር። የመጀመሪያው መራጭ ከመግባቱ በፊት ሳጥኑን አንሥተን፣ ከፍተን፣ ወደ ሰልፉ ዘወር አድርገን ባዶ መሆኑን አሳየን፤ ከዚያ በኋላ ነው ያሸግነው። ምሽት ላይም እዚያው፣ የሁሉም ወገን ወኪሎች በተቀመጡበት፣ እያንዳንዱን ወረቀት ከፍ አድርገን እያሳየን ቆጠርን። ከዚያ ቀን በኋላ በአገሪቱ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በዚያች ክፍል ውስጥ የቆጠርነው ግን ትክክል ነበር።

ዳኛችሁን እንዲህ በላቸው፦ ሳጥኑን ዳኛውም ወጣቱም አይያዙት፤ በዕለቱ ከሚገኙት መካከል ሦስት ሰው በዕጣ ይውጣ፣ ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን። ባዶነቱንም በመጀመሪያ የሚያዩት ከፊት የተቀመጡት አዛውንቶች ብቻ እንዳይሆኑ፣ ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ሂዱ።